ዳኛው ያስታረቋቸው ዓሦች

አማቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሥራቸው ሰው ማፋታት ነበር። እርግጥ እንዲህ ተብሎ ሲነገር አይወዱም፤ «የቤተሰብ ችሎት ዳኛ» ነው የሚሉት። ነገሩ ግን ያው ነው። ጠዋት ባልና ሚስት ሆነው የገቡ ሰዎች ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰው ሆነው ይወጣሉ፤ ድስቱ ለአንዱ፣ ክዳኑ ለሌላው ይደርሳል፤ ልጆቹም በፈረቃ ይካፈላሉ። በእኔና በልጃቸው ሠርግ ላይ ሌላው ሁሉ «ክፉ አይንካችሁ» እያለ ሲያልፍ፣ እሳቸው ማይክ ይዘው አብዛኛው ፍቺ ከጥርስ ሳሙና እንደሚጀምር ረዘም ያለ ማብራሪያ ሰጡ። እኔ ፓምፕ ጠጋኝ ነኝ፤ ክርክር አልችልበትም። የጥርስ ሳሙናውን እስከ ዛሬ ከሥር ነው የምጫነው።

ጡረታ ሲወጡ የሥራ ባልደረቦቻቸው አኳሪየም ሸለሟቸው። የማን ሐሳብ እንደሆነ አልታወቀም። ምናልባት ከእንግዲህስ የማይናገር ባለጉዳይ ይያዙ ብለው ይሆናል። በመስታወት ገንዳው ውስጥ ሁለት ዓሦች ነበሩ፤ የጣት ርዝመት ያላቸው፣ ግራጫ ገላቸው ላይ ጥቁር ሸንተረር ቁልቁል የወረደባቸው፣ ግንባራቸው ገፋ ያለ። አንዱ ወንድ፣ አንዷ ሴት። ሻጩ ዘራቸው ከሩቅ አገር የመጣ መሆኑን፣ ያገኙትን እንደሚበሉና በቀላሉ እንደማይሞቱ ነግሯቸዋል። ይህን የተናገረው ዕቃውን ሲያሞግስ ነበር፤ እኛም የሰማነው እንደ ሙገሳ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ዓሦቹ ተጣሉ። ወንዱ ሴቷን ጥግ እያስያዘ ክንፏን ይቦጭቅ ጀመር። እሷም ብትሆን እጅ የምትሰጥ ዓይነት አልነበረችም፤ ዘወር ሲልላት ከኋላ መጥታ ትነክሰዋለች። ዳኛው ሶፋቸውን አዙረው ገንዳው ፊት ተቀመጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህን መሰል ጉዳይ ሲያዩ ኖረው፣ ምስክር የሌለው ዓይነት ገና አሁን ገጠማቸው። በመጨረሻ መስታወት ቆራጭ ዘንድ ሄደው በልክ ያስቆረጡትን መስታወት ገንዳው መሐል አቆሙና ዓሦቹን ለየብቻ አደረጓቸው። ፍቺ እንዳልሆነ ግን ለጠየቃቸው ሁሉ አጥብቀው ይናገሩ ነበር። የማሰላሰያ ጊዜ ነው፤ በችሎት ባለትዳሮችን ከማፋታት በፊት እስቲ ቤታችሁ ሄዳችሁ አስቡበት የሚባለው ነገር።

የባለቤቴ እናት፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ ይህን ሁሉ የኩሽናው በር ላይ ቆመው ሲያዩ ከረሙ። ሰውን ሁሉ አፋትቶ ሲጨርስ ዓሣ ማስታረቅ ያዘ፣ ይሉ ነበር ለመጣ እንግዳ። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዳኛው እኔ ዘንድ ደወሉ። ድምፃቸው ስለተለወጠብኝ የሞተ ሰው ያለ መስሎኝ ያነሳሁትን የፓምፕ ጎማ አስቀመጥኩ። ያሉኝ አንድ ቃል ነው፤ «ታረቁ።» መስታወቱን ሲያነሱት ዓሦቹ ጎን ለጎን ሆነው መዋኘት ጀምረው ነበር። በዳኝነት ወንበር ላይ በተቀመጡበት ዘመን ሁሉ ስንቱን እንዳስታረቁ ጠይቄያቸው አላውቅም፤ ከደስታቸው ስገምት ግን እነዚህ የመጀመሪያዎቹ ሳይሆኑ አይቀሩም።

እርቁ ቤቱ ውስጥ ሌላ ጠብ አመጣ። እማማ የገንዳው አየር መንፊያ ሲንቦጫረቅ መዋሉ ሰለቻቸው፣ ውሃውም ሸተታቸው። ከሁሉ በላይ የከነከናቸው ግን ሶፋው እንደዞረ መቅረቱ ነው። ጡረታ ወጥቶ ቤት ሲውል ፊቱን አያለሁ ብዬ ነበር፣ የማየው ማጅራቱን ሆነ አሉ። ዓሣ የሚገማው ከጭንቅላቱ ነው የሚለውንም ተረት ባላቸውን እያዩ ይደጋግሙት ጀመር። በመጨረሻ ወይ እነሱ ወይ እኔ አሉ። ዳኛው እንዲህ ያለውን ዛቻ ከብዙ ሰው አፍ ሰምተው ስለሚያውቁ፣ ይህኛው የምር መሆኑን ለመለየት አልተቸገሩም።

ዓሦቹን በባልዲ አድርገው ወደ ሻጩ ወሰዷቸው። ሻጩ ለመቀበል ፈቃደኛ ነበር፤ ነገር ግን ጥንድ አድርጎ የሚገዛ ሰው እንደማይገኝ፣ ለየብቻ ገንዳ ከትቶ ለየብቻ እንደሚሸጣቸው ነገራቸው። ዳኛው ባልዲያቸውን አንስተው ወጡ። ማምሻውን ባዶ ባልዲ ይዘው ቤት ገቡና መለስኳቸው አሉ። እማማ ደስ ብሏቸው ሶፋውን ራሳቸው አዞሩት። እኛም ነገሩን ረሳነው።

አሁን ስለ ባለቤቴ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ፍዳው የደረሰው በእሷ ላይ ነው። ሰፈሩ «ባለኩሬዋ» ይላታል። ደህናውን የቢሮ ሥራዋን ትታ፣ ከከተማው ጫፍ ቀድሞ ድንጋይ ሲወጣበት የነበረ፣ ምንጭ የሚገባበት ጉድጓድ አጥራ ዓሣ ማርባት ጀመረች። የምታረባው የከተማችንን ሐይቅ የራሱን ዓሣ ነው፤ ብርማ፣ ጭራው ቀላ ያለ፣ ድሮ መረብ ሲሳብ ያንጸባርቅ የነበረውን። ሐይቁ ውስጥ እየተመናመነ ሄዶ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ጠግነው ጠግነው መልሰው የሚሰቅሉበት ጊዜ መጥቶ ነበር። እሷ ከቀሩት እናት ዓሦች ጥቂቱን አምጥታ ኩሬው ውስጥ አስፈለፈለች። ጫጩት ነው የምንላቸው፣ ላባ ባይኖራቸውም። ዝናቡ ሲጀምር እነዚህን ጫጩቶች ሐይቁ ውስጥ ልትለቅ ለአጥማጆቹ ቃል ገብታለች፤ ያን ሁሉ ጊዜ ጭቃ ውስጥ የከረመችው ለዚያች ቀን ነው።

ጠዋት ጠዋት ሣር በበዛበት ዳር በኩል ትገባና በደቃቅ መረብ ጨልፋ በነጭ ሳፋ ታያቸዋለች። በዚያ ሰሞን ሳፋው ውስጥ የሚገባው ጫጩት እየሳሳ መጣ። መጀመሪያ ወፎቹን ጠረጠረች፤ እኔም የሚያብረቀርቅ ላስቲክ በገመድ እየቋጠርኩ ኩሬውን የልደት ቤት አስመሰልኩት። ወፎቹ ተሰብስበው መጥተው አዩልን። ቀጥሎ የተጠረጠርኩት እኔ ነኝ። ውሃ የሚያዟዙረው ፓምፕ ጫጩቶቹን እየዋጠ ይሆናል አለችና አፉን በአጎበር አስጠቀለለችኝ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንደሆነ ባውቅም፣ የጥርስ ሳሙናውን ነገር አስታውሼ ዝም አልኩ።

በዚህ መሐል ደስ ያላት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቷ። ዳኛው ድሮ ጫማቸው ጭቃ እንዳይነካ ብለው ኩሬው ጋ ድርሽ አይሉም። ቢሮ ትቶ ዓሣ ማርባት የሚባለውን ሥራም ሥራ ብለው ጠርተውት አያውቁም። አሁን ግን እሑድ እሑድ፣ አንዳንዴም በሳምንቱ መሐል፣ ቁራሽ ዳቦ በኪሳቸው ይዘው ይመጣሉ። አንዲት ጥግ አለቻቸው፤ ግማሹ ውሃ ውስጥ የሰመጠ የሲሚንቶ ቱቦ ካለበት ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ልጃቸውን ይጠይቋታል፤ ውሃው ይበርዳል ወይ? ትልልቆቹ ትንንሾቹን ይነክሳሉ ወይ? ዝናብ ሲበዛ ኩሬው ምን ይሆናል? እሷም ጓንቷን አውልቃ አንድ በአንድ ታስረዳቸዋለች። «አባዬ እኮ ሥራዬን ጠየቀኝ» አለችኝ አንድ ማታ እራት ላይ፣ ሳህኑን እያየች። ከልጅነቷ ጀምሮ ይህን ስትጠብቅ እንደኖረች ያኔ ገባኝ፤ እኔም ሰውዬውን ወደድኳቸው።

አንድ እሑድ ዳኛው ድንጋያቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ ባለቤቴ በቱቦው አፍ ላይ የተጠላለፈውን ሣር ልታጸዳ እጇን ሰደደች። አንድ ነገር ጣቷን ነከሳት። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል አልኳት ከበላይ ሆኜ፤ አልሳቀችም። መረቧን በቱቦው በአንደኛው አፍ ደቅና ሌላኛውን በእግሯ መታችው። ሲወጣ ባለ ሸንተረሩ ወንድ ነበር። እዚህ መሆኑ ተስማምቶት ወፍሯል። ከኋላው ሚስቱ ወጣች፤ በዙሪያዋም ጢስ የሚመስል ነገር፣ ገና የተፈለፈሉ ልጆቿ። ባለቤቴ ጎንበስ ብላ የሣሩን ሥር ስታገላብጥ ሌሎችም አሉ፤ ጥፍር የሚያክሉ፣ ሸንተረራቸው የጠቆረ፣ በየሥሩ የተኮለኮሉ። ከዚያ በፊትም ደጋግመው ወልደዋል ማለት ነው።

መረቡን አየች፣ የዳቦውን ፍርፋሪ አየች፣ ከዚያ አባቷን አየች።

«አባዬ፣ እነዚህን ለሻጩ መለስኩ አላልክም?»

ዳኛው ተነስተው የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። «ይለያያቸዋል» አሉ። «አንዱን እዚህ፣ አንዷን እዚያ ሊሸጣቸው ነው። ስንት ለፍቼ ያስታረቅኳቸውን።»

«ስለዚህ የእኔ ኩሬ ውስጥ ጨመርካቸው።»

«የማምነው ሌላ ቦታ የለኝም» አሉ።

ባለቤቴ ስትቆጣ ድምጿ ከፍ አይልም፣ ዝቅ ይላል። እኔ ራሴ የሰማኋት ጠጋ ብዬ ነው። «እሑድ እሑድ የምትመጣው እነሱን ልታይ ነበር?»

ሰውን ሁሉ አዎ ወይም አይደለም ብለህ መልስ እያሉ ሲያስጨንቁ የኖሩ ሰው፣ ጫማቸውን ማየት ያዙ። ያን ዕለት የዓሣውን ነገር ረስቼ ለሚስቴ ብቻ አዘንኩ። እሷም ሳፋዋን አንስታ ሄደች፤ ከዚያ ወዲያ ለብዙ ጊዜ አባቷን አላናገረችም።

ለእሳቸው ማስረዳቱ በእኔ ላይ ወደቀ። ከባለቤቴ የተማርኩትን በፓምፕ ጠጋኝ ቋንቋ ነገርኳቸው። ባለ ሸንተረሮቹ የሌላውን እንቁላልና ጫጩት እንደ ቆሎ ይቆረጥማሉ፤ የራሳቸውን ግን ባልና ሚስት ሆነው በር ላይ ቆመው ስለሚጠብቁ፣ ከወለዱት ብዙው ያድጋል። የሐይቁ ዓሣ እንቁላሉን ሣር ላይ አራግፎ ሂያጅ ነው፤ እንዲህ ያለ ጎረቤት አይቶ አያውቅም። ከገንዳ የመጣ ዓሣ ምን ዓይነት በሽታ ይዞ እንደሚመጣም አይታወቅም። ይህ ሁሉ ግን ገና ትንሹ ነው። ዝናቡ ሲበረታ ኩሬው በጠርዙ ፈስሶ ወደ ጅረቱ ይገባል፣ ጅረቱ ሐይቅ ይገባል። ኩሬ በፓምፕ ይመጠጣል፤ ሐይቅ የሚመጥ ፓምፕ ግን እኔም አልሠራሁም፣ የሠራም አላየሁም።

ዳኛው አንገታቸውን ደፍተው ሲሰሙ ቆዩና ታዲያ ለምን አንለያያቸውም አሉኝ። የእሷን ለእሷ፣ የእኔን ለእኔ። ከዚህ የከበደ ስንት ክፍፍል ሠርቻለሁ አሉ። የዓሣ አጥማጆቹ ሊቀመንበርም በበኩሉ መጥቶ፣ ዓሣ ዓሣ ነው፣ ቀላቅለሽ ልቀቂልን ምን ቸገረን ብሎ ነበር። ባለቤቴ ከባለ ሸንተረሮቹ አንዱን መዳፉ ላይ አስቀምጣ፣ ከዚህ ውስጥ ሥጋውን ፈልገህ አሳየኝ አለችው። ሰውዬው አገላብጦ አየውና እሾህ መሆኑን ሲረዳ ሐሳቡን ቀየረ። መጨረሻው እሷ የፈራችው ሆነ፤ ዝናቡ ሳይቀድመን ኩሬው መድረቅና ወለሉ ኖራ መልበስ አለበት። እናት ዓሦቹ ትልልቅ ስለሆኑ በእጅ ተለቅመው በርሜል ይገባሉ። ጫጩቶቹን ግን ከባለ ሸንተረሮቹ ልጆች መለየት ስለማይቻል የሚያድናቸው የለም። የአጥማጆቹ መረብም ሌላ ክረምት እንደተሰቀለ ይከርማል።

ኩሬውን ባደረቅንበት ቀን ደመናው ከጠዋቱ ጀምሮ ተንጠልጥሎ ነበር። ፓምፑን በአጎበር ላይ አጎበር ደርቤ አለበስኩት፤ ውሃውንም ከጅረቱ በተቃራኒ ወዳለው ያልታረሰ ማሳ አዞርኩት። ባለቤቴ እናት ዓሦቹን አንድ በአንድ እየለቀመች ከበሽታ እንዲጠሩ ጨው ወደገባበት በርሜል ታስገባለች። ዳኛው ሳይጠሩ መጡ። የእኔን የጭቃ ቦቲ ጫማ አጥልቀዋል፤ ስለሰፋቸው በየእርምጃው ጭቃው ቦቲውን ሲያስቀርባቸው በካልሲ እየቆሙ መልሰው ይፈልጉታል። እማማም አብረዋቸው መጥተው፣ የሚረግጡበት ደረቅ መሬት መርጠው፣ ወንበር አስመጥተው ተቀመጡ። ልቅሶም ሆነ ሠርግ እንዲህ ነው የሚቀመጡት።

ውሃው እየወረደ መጥቶ ቱቦው ሲጋለጥ፣ ባለ ሸንተረሮቹ በቀረችው ኩሬ መሳይ ነገር ውስጥ ልጆቻቸውን ከበው ቆመዋል። አይሸሹም። ወንዱ የዳኛውን ቦቲ በግንባሩ እየመጣ ይገጨዋል። የገጨው ያን ሁሉ የታገሉለትን ሰው እንደሆነ አያውቅም፤ ቢያውቅም የሚተው አይመስለኝም።

ባለቤቴ ባልዲ አነሳችና ወደ እኔ ዞረች። አባቷ የቆሙት ክንዷ በሚደርስበት ርቀት ላይ ነበር። «ሁለቱን ይውሰዳቸው በለው። ገንዳ ውስጥ እስከተቀመጡ ድረስ ማንንም አይጎዱም። ጥያቄ ካለው እናቴን ይጠይቅ።»

ዳኛው በሁለት እጃቸው ቀስ ብለው ጨለፏቸውና ባልዲው ውስጥ አደረጓቸው። ሁላችንም አንገታችንን አስግገን አየን። ዓሦቹ አንዴ ዞሩ፣ ሁለቴ ዞሩ፣ ልጆቻቸውን ፈለጉ። ሲያጧቸው ወንዱ ሴቷን ነከሳት። እሷም መለሰችለት። ብዙም ሳይቆይ ባልዲው ውስጥ ውሃው መንቦጫረቅ ጀመረ።

እማማ ከወንበራቸው ተነስተው መጥተው ባልዲውን አዩ። «ልጆቹ ናቸው ያስታረቋቸው» አሉ። «አንተ መች አስታረቅክ። እኛስ ብንሆን እሷ ከተዳረች በኋላ አይደል መጣላት የጀመርነው?» ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳሉ የሚባለው እውነት ነው፤ ሁለቱ ባልዲው ላይ አጎንብሰው ሲተያዩ ፊታቸው አንድ ዓይነት ነበር። እማማ ከዚያ በኋላ ባልዲውን ራሳቸው ይዘው ወደ መኪናው ሄዱ፤ ገንዳው መሐል የሚቆመውን መስታወት የት እንዳስቀመጡት ያውቃሉና።

የቀረው ጫጩቱ ነው። ባለቤቴ የመጨረሻውን ውሃ በነጩ ሳፋ ጨልፋ ዳር ላይ አስቀመጠችው። ጥፍር የሚያክሉት ባለ ሸንተረሮች ተለቅመው አልቀዋል፤ ሳፋው ውስጥ ያሉት ገና የተፈለፈሉት ናቸው። ሁለቱም ዘር በዚያ ዕድሜው ዓይንና ጭራ ብቻ ነው፤ ሸንተረርም ብርም አላወጣም። ዳኛው መነጽራቸውን አጸዱና ሳፋው አጠገብ ጭቃው ላይ ተቀመጡ። የሾርባ ማንኪያና ሁለት ኩባያ ከቤት ይዘው መጥተው ኖሯል። አንዱን ኩባያ በቀኛቸው፣ ሌላውን በግራቸው አድርገው መለየት ጀመሩ። የእሷ ነው ብለው በቀኝ ያስገቡትን መልሰው ያዩታል፤ አይደለም ብለው ወደ ግራ ያዞሩታል፤ ከግራው ደግሞ አንዱን ይመልሳሉ። ፓምፑ ቆሞ ስለነበር ማንኪያው ከኩባያው ጋር ሲጋጭ ይሰማል።

እኔና ባለቤቴ የኖራውን ከረጢቶች እየቀደድን ወለሉ ላይ በተንን። ያ ሲያልቅ አፏን የሸፈነችበትን ጨርቅ አውርዳ ደመናውን አየች። የሚጠበቀው ሳፋው ብቻ ነበር። ዳኛው ሁለቱንም ኩባያ መልሰው ሳፋው ውስጥ ገለበጡት።

«አልቻልኩም» አሉ ቀና ሳይሉ። «እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ የሰውን ልጆች ስከፋፍል፣ አንድ ቀን እንኳ እጄ እንዲህ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። መንቀጥቀጥ ነበረበት።»

ተነስተው ሳፋውን ሊያነሱ ጎንበስ አሉ። «እኔ ያጠፋሁትን እኔው ልድፋው።»

ባለቤቴ ቀድማ ያዘችው። «አባዬ፣ ስጠኝ።»

«ከእነዚህ ውስጥ የእኔዎቹ አሉ» አሉ።

«የአንተ ሁለቱ ናቸው፤ እናቴ ወስዳቸዋለች። እዚህ ያሉት የእኔ ናቸው። ሁሉም።» ይህን ብላ ሳፋውን ከእጃቸው ወሰደችና፣ ነጭ ወደሆነው ጭቃ ገብታ፣ ዓይኗን ሳትጨፍን ደፋችው። ሳፋውንም ገልብጣ ታቹን መታ መታ አደረገችው። እኔ ያን ማየት አልቻልኩም፤ የፓምፑን ቱቦ መጠቅለል ጀመርኩ። ዳኛው ግን እስከ መጨረሻው አዩ።

ከኩሬው ስትወጣ እጇን ሰጧት፤ ያዘችው። የተነጋገሩት ጥቂት ነው፤ ሁሉንም ሰምቻለሁ።

«ነገ ጭቃው መገልበጥ አለበት» አለቻቸው። «ዓሣ የለም። የሚታይ ነገር የለም። ጭቃ ብቻ ነው።»

«ስንት ሰዓት?» አሉ።

«ሲነጋ።»

በማግስቱ ከእኛ ቀድመው ደርሰው፣ ባዶው ኩሬ ዳር አካፋ ይዘው ቆመው አገኘናቸው። አያያዙን እንኳ አያውቁበትም ነበር። ባለቤቴ መኪናው ሳይቆም በሩን ከፍታ ወረደችና፣ እጃቸውን ከእጀታው ላይ አላቃ ትክክለኛው ቦታ ላይ አስያዘቻቸው።